ብዙ አትበል

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከባጃጆቹ ሰልፍ አልፎ፣
ጠረጴዛዬ ቆሟል፣ አንድ እግሩ በጡብ ተደግፎ።
ከላይ የቢራ ጃንጥላ፣ ከሥር የካርቦን ወረቀት፤
ሃያ ሁለት ዓመት ጻፍኩ፣ የሰው እሮሮ በፀሐይ ፊት።
"ለተከበረው ፍርድ ቤት" — ይህን እጄ ብቻውን ያውቃል፤
ከሳሽ ከላይ፣ ተከሳሽ ከታች፣ የቀረው በራሱ ይወርዳል።

እንጉዳይ ፈንቴ መጣች፣ ሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣
በረኪና የላጠው እጇ ተጠቅልሎ በነጠላ።
ሆዷ ቀድሟት ደረሰ፤ ወንበሬን ለርሷ ለቀቅኩ፤
"ምን ሆነሽ?" አልኳት፣ እስክሪብቶ ከጆሮዬ ላይ ወሰድኩ።

ሐይቁን ከሚያይ ሆቴል ነው፣ ከጓሮ፣ ከልብስ ማጠቢያው፤
እንግዳ ጣናን ሲያይ በመስኮት፣ እሷ የምታየው ግንቡን ነው።
ሁለት ዓመት ከአራት ወር። ውል የላትም፣ በቃል ገባች፤
አምስተኛ ወሯን ስትይዝ ቀሚሷ ጠበባት፣ ታየች።
"ሥራ ቀንሷል" አላት አለቃው። ሥራው ግን አልቀነሰም፤
በማግስቱ ሌላ ገባች፣ ቀጭን ልጅ፤ ስሟን አልሰማሁም።
የሦስት ወር ደመወዟም እዚያው ቀረ፣ ከሳሙናው ጋራ፤
"ነገ ነይ፣ ከነገ ወዲያ" ሲሏት አደይ ፈካ፣ ማሽላም አፈራ።

"ከወጣሽ ስንት ቀንሽ?"
"ሰማንያ ሦስት።"
ላብ አጠመቀኝ።
"ወደ ሥራዬ መልሱኝ" የሚል ክስ በሦስት ወሩ ይዘጋል፤
ሕጉ እንደ ዘጌ ጀልባ ነው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይሄዳል።
ስንቱን አይቻለሁ፣ "ሰው ናቸው፣ ይራራሉ" ሲል የከረመ፣
በደረቁ፣ ወደቡ ላይ እንደቆመ የሰጠመ።

ጻፍኩ።
"ተከሳሽ ድርጅት ከሳሽን፣ ነፍሰ ጡር ስለሆነች፣
ከሕግ ውጪ አሰናብቷል። ብዙ አንሶላ ስታጥብ ኖራ ሳለች — "

"ብዙ አትበል።"

ቀና አልኩ።

"ብዙ የነሱ ቃል ነው። ብዙ ወጪ አለብን ይላሉ፤
ብዙ ሴት ሥራ ትፈልጋለች፣ ከበር ቆማለች ይላሉ።
እኔ በአዘቦት መቶ አሥራ ስድስት፣ ቅዳሜ መቶ አርባ ነው፤
ሠርግ ያለ ቀን ሌላ ነው። ይኸው።"

የወንድሟን የሒሳብ ደብተር ከጉያዋ አወጣች፤
አራት ጭረት ታቆማለች፣ አምስተኛዋን ታጋድማለች፣
ልክ እንደ ደንገል ነዶ፣ ወገቡን እንደታሰረ፤
ከገጽ ገጽ፣ ከወር ወር፣ ሐይቅ ሙሉ ደንገል ነበረ።
"ፊደል አልቆጠርኩም" አለች፣ "አንሶላ ግን ቆጥሬያለሁ።"

ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩ። እንደገና ጀመርኩ።

ምስክር? ይታይሽ አለች፣ አብራት ስታጥብ የኖረች፤
ስሟ ይታይሽ ነው እንጂ፣ "አላየሁም" በይ ተብላለች።
አልፈርድባትም። የቤት ኪራይ አለባት፣ እናት አለቻት።
የሠራተኛ ክስ ዳኝነት እንደማይከፈልበት ብዙ ሰው —
ይቅርታ፣ ብዙ አልልም —
ይታይሽ አታውቅም ነበር።
የኔን ዋጋ ግን ተቀብያለሁ፣ ግማሹን። እኔም ልጆች አሉኝ።

በየካቲት ችሎት ገባን። እኔ ከኋላው ወንበር፣
እሷ ከፊት፣ ጀርባዋ ላይ አርባው ያለፈ ልጅ ነበር።
የሆቴሉ ሰው "አናውቃትም" አለ፣ ክራባቱን እያቃና፤
ደብተሩን ዳኛዋ ሲገልጡት ችሎቱን ሞላው ሳሙና።
"ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ለምን አነሰ? ስልሳ ብቻ ነው ያለው።"
"ዝናብ ነበር፣ ክብርት ዳኛ። አልደርቅ ብሎ ሸተተ፤
ሁሉንም ደግሜ አጠብኩት።
ሁለቴ ያጠብኩትን ግን አንዴ ነው የቆጠርኩት።"

ጸሐፊዋ መተየብ አቆመች። ልጁ አስነጠሰ።
ለመጋቢት አሥር ተቀጠረ።

ወጥቼ ጃንጥላዬን ዘረጋሁ። አንድ ሰው ሲጠብቀኝ ነበር፣
በሰው ጀልባ ዓሣ የሚያወጣ፣ መዳፉን መረብ የቆረጠው።
"ብዙ ወር አልከፈለኝም" አለ።
"ስንት?" አልኩት።